ሠላሳ ቃል ሕንድኛ

አለምብርሃን ከባጃጅ ስትወርድ ሲያያት፣ ዓብዱልአዚዝ የፈታታውን ቬንትሌተር ወደ ፊቱ ሳብ አድርጎ አጎነበሰ። በስልሳ ስምንት ዓመቱ መደበቁ ነው። የጥገና ሱቁ እንደሆነች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያስቆም ጠባብ ክፍል ናት፤ ወዴት ሊገባ?

ብቻዋን ናት። ባሏ በዛብህ አጠገቧ የለም። የዓብዱልአዚዝ ልብ ቀጥ አለች።

ከሦስት ወር በፊት እዚሁ በር ላይ ቆማ፣ «በዛብህን ለልብ ቀዶ ጥገና ሙምባይ ልወስደው ነው። አገሩን የምታውቅልኝ አንተ ነህ፤ እስኪ ምከረኝ» ብላው ነበር። ዓብዱልአዚዝ ሙምባይ ቀርቶ ጅቡቲንም አያውቅም። ግን ድሬ ሲኒማ ቤት ውስጥ የሕንድ ፊልም በሚታይበት በዚያ በወጣትነቱ ዘመን፣ ከሸራው ሥር ቆሞ ተዋንያኑ የሚሉትን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እየጮኸ ለሕዝቡ የሚተረጉመው እሱ ነበር። የሚያውቀው ሕንድኛ ሠላሳ ቃል ነው። አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው የለቀማቸው፤ ሃያዎቹ የጨርቅ ስም ናቸው። የቀረውን ከራሱ እየፈጠረ ይሞላዋል፤ ሰዉም ስቅስቅ ብሎ ያለቅስለታል።

ታዲያ ያን ቀን «አላውቅም» ቢል ምን ነበረበት? አመሉ ተነሣበት። «ሁሉም የሚጎርፍበት፣ ባሕሩ ዳር ያለው ትልቅ በር ይቅርብሽ። የተዋንያኑን ግቢ አጥር ማየትም ይቅርብሽ። ብዙ ሰው የማያውቀው ቦታ አለ፤ ከተማው መሐል ነው፣ በደረጃ ወደ ውሃ ይወረድበታል» አላት፤ ፊልም ላይ ያየውን።

የአለምብርሃን ዓይን በራ። «ያቺ ሴትዮ እግሯን የታጠበችበት? እዚያ የታጠበ ሰው በሽተኛው ይድንለታል ያልከን?» በልጅነቷ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰምታዋለች። እሱ ግን መፍጠሩንም ረስቶት ነበር።

«እንዴታ!» አላት።

ይቺ «እንዴታ» ናት ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳችው። ሴትዮዋ በሰው አገር የባሏን አልጋ ትታ፣ የሱን ውሸት ፍለጋ ስትባዝን በዛብህ ብቻውን ቢሞትስ?

«ጋሽ ዓብዱልአዚዝ! ቀና በል እንጂ አቦ!» ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትም።

ቀና አለ። ከኋላዋ፣ ከባጃጁ ውስጥ አንድ ሰው እግሩን ቀስ አድርጎ እያወረደ ነው። በዛብህ! ከስቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ ግን በገዛ እግሩ ቆሞ እጁን ለሰላምታ አነሣ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ዓብዱልአዚዝ። እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቱን እንኳ ረሳው። ያለችውን አንድ ወንበር ለበዛብህ ለቀቀለትና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«የጎረቤቴ የዝናሽም ባል በሚቀጥለው ወር ለሕክምና እዚያው ይሄዳል» አለች አለምብርሃን። «ስለ ደረጃው አንተው እንድትነግራት ቀጥሬልሃለሁ።»

ዓብዱልአዚዝ ላብ አጠመቀው። «ስሚኝ አለምብርሃን። ዋሽቼሻለሁ። ሕንድኛ አላውቅም። ያን የእግር መታጠብ ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ወላሂ!»

አለምብርሃን ሳቀች። በዛብህም የተሰፋ ደረቱን በእጁ ደገፍ አድርጎ ሳቀ።

«አውቃለሁ» አለች። «የፊልሙን ዘፈን ሳንጎራጉር አንዲት ነርስ አወቀችውና ፊልሙን ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ፤ ተረጎመችልኝም። ሴትዮዋ እህቷን ምን እያለቻት ነው መሰለህ? ‹ጫማሽን እንዳታወልቂ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል!› ባልም በሽታም የሚባል ነገር የለበትም።»

«አልሄድሽም ማለት ነው?»

«ሄድኩ እንጂ! ቦታውንም የጠቆመችኝ ነርሷው ናት። በዛብህን ሲያስገቡት ስድስት ሰዓት ይፈጃል አሉኝ። ስድስት ሰዓት ግድግዳ ሳይ ብውል አብድ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬን ነከርኩ፤ ጸለይኩ፤ አለቀስኩ። ስመለስ ‹በሰላም ወጥቷል› አሉኝ። ጋሼ፣ በዚያ ሁሉ አገር ውስጥ ከልጅነቴ የማውቀው አንድ ቦታ ነበረኝ። እሱን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ዕድሜህን ያርዝመው!»

ዓብዱልአዚዝ ግሪስ በነካው እጁ ዓይኑን ጠረገ፤ ፊቱም ጠቆረ፤ ግድ አልሰጠውም። ሦስት ወር የተሸከመው ነገር ከላዩ ወረደ።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለችና ስልኳን ሰጠችው። በቪዲዮው ውስጥ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ፣ አረንጓዴ ውሃ፣ ዳክዬዎች ይታያሉ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን በአለምብርሃን ራስ ላይ ጭነው ረጋ ብለው አንድ ነገር ይናገራሉ። «እዚያው ያገኘኋቸው እናት ናቸው፤ የቀረጸን አንድ መንገደኛ ነው። ነርሷ ከኔ ጋር አልነበረችም። ምን እያሉኝ ነው? ተርጉምልኝ።»

«አሁን ነገርኩሽ እኮ፣ አላውቅ...»

«ተርጉምልኝ አልኩህ እኮ፣ ጋሼ።»

ቪዲዮውን ደግሞ ከፈተው። ሠላሳውን ቃል አንድ በአንድ ፈተሸ፤ አንዱም የለበትም። የአሮጊቷን ፊት አየ፤ የአለምብርሃንን ፊት አየ። ካቻቢቴውን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ድሮው ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ነው የሚሉሽ» አለ። ከዚያ የሲኒማ ቤቱ የኋላ ወንበሮችም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ በኦሮምኛና በሶማልኛ ደገመው፤ «በጋ ነጋን ዱፍቴ! ሶ ዳዎ!»