ለስንብት የቆመ ሰልፍ

«እህቴ፣ ተራ ጠብቂ እንጂ! የሁላችንም እናት ናት» ብሎ ወጣቱ ሐኪም የሟቿን ልጅ ክንዷን ይዞ ወደ ሰልፉ መለሳት። እሷ እናቷ ቢሮ ዘልቃ ስለማታውቅ እዚያ የሚለያት አልነበረም። ተመልሳ ተራዋን ይዛ ቆመች። የሬሳ ሳጥኑ ሊከደን ነው፤ ከፊቷ ግን እናቷ ደጅ ጠንታ ባገኘችላቸው ነጻ የትምህርት ዕድል ሰው የሆኑ መሐንዲሶች፣ መምህራንና ነርሶች አዳራሹን ሞልተው ይላቀሱ ነበር።

ከፊቷ የቆመችው ነርስ ዞር ብላ መሐረብ ሰጠቻት።

«አይዞሽ፣ የኔ እህት። አንቺንም አስተምራሽ ነው?»

«አይ፤ እኔን ወልዳኝ ብቻ ነው።»

ነርሷ ክው አለች። «ኧረ መንገድ ልቀቁ፣ ልጇ ናት!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ እስከ ሳጥኑ ድረስ ለሁለት ተከፈለ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ በእሷና በእናቷ መሃል ሰው ያልቆመው ገና ዛሬ ነበር።