ከፀጉር የቀጠነ

«እንዳትነቃነቂ» ይለኛል ወንድሜ።

«የሚነቃነቅ እጅ ቢኖረኝ አንተን ምን አስጠራኝ?»

ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ ክንዴ ድኗል፤ ቀኝ እጄ ግን እንደተጨበጠ ቀርቷል። ሲታሽ ላላ ይላል፣ ዞር ሲሉ ተመልሶ ግጥም። ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ መቀስ የምይዘው ደግሞ በሱ ነው። ግራዬ ማንኪያውንም ቁልፉንም ተምራለች። መቀስም ሞክራ ነበር፣ የፎጣ ዘርፍ ሁሉ ቆራርጣ ጨርሳለች፤ ግን ፀጉሩን የሚይዝላት ከየት ይምጣ? ወንበሮቹ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ መንገድ ማዶ ወዳለችው ሄደዋል። የሚሞክርልኝ ነገር ዛሬም ካልሆነ ፀጉር ቤቱን እለቃለሁ ብዬ ለወንድሜ ለማሙሽ ነግሬዋለሁ።

ማሙሽ የቤት ስሙ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ፕላስቲክ የሚያበስል መሐንዲስ ነው፤ እኔ ግን አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ ኢንጂነር ብዬ አልጠራም። ፀጉሩ ጫካ ሆኖ ጆሮውን ሸፍኗል። ከታመምኩ ወዲህ ተቆርጦ አያውቅም። ለምን ስለው «ጊዜ የለኝም» ይላል።

አሁን ጓንት የመሰለ ነገር አስሮልኛል። በየጣቴ ጀርባ አንዳንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አለ፣ ከጡጫዬ ጋር አብሮ የታጠፈ። እንዳያቃጥለኝ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፏል።

«ምንድነው የሚያደርገው? እኔ በሚገባኝ ተናገር።»

«ፕላስቲኩ መጀመሪያ ሲሠራ የነበረውን ቅርጽ አይረሳም። አሙቀሽ አጥፈሽ ብታቀዘቅዥው እንደታጠፈ ይደርቃል። እንደገና ሲሞቅ ግን ወደ ድሮው ይመለሳል። ጣቶችሽን ይዞ።»

«በምን ይሞቃል? በፀጉር ማድረቂያው ካስክ?»

ይስቃል። «በኤሌክትሪክ። ፕላስቲክ ብቻውን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የካርቦን ቱቦ ቀላቅለንበታል፣ ናኖቲዩብ የሚባል። ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ። ኤሌክትሪኩ በሱ ሲያልፍ ፕላስቲኩ ከውስጥ ይሞቃል። ጥንካሬም የሚሰጠው እሱ ነው።»

ከፀጉር የቀጠነ። ዕድሜዬን ሙሉ ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነክቼ አላውቅም። ጠጋ ብዬ አየዋለሁ፤ ጥቁረቱ ብቻ ነው የሚታየው።

«አይጠላለፍም?»

ቀና ብሎ ያየኛል። «ያሠቃየን እኮ እሱ ነው፣ እትዬ። ይቋጠራል። የተቋጠረበት ቦታ ብቻውን ይግላል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ይቀራል። የመጀመሪያውን ያቃጠልነው በዚያ ነው።»

«ታዲያ በምን አበጠራችሁት?»

«በድምፅ። ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ፈሳሹን እያንቀጠቀጥን።»

«ጉድ ነው» እላለሁ። በድምፅ የሚያበጥር ነገር ቢኖረኝ የስንቱን ልጅ ለቅሶ ባስቀረሁ ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄን ረስቼ የማስበው ይህንኑ ነው።

ማብሪያውን ይጫናል።

መጀመሪያ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ «በቃ ተወው» ልል ስል ሙቀት ይመጣል፣ እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የከተትኩ ያህል። ከዚያ ትንሿ ጣቴ ቀስ ብላ ትነሣለች። እኔ አላዘዝኳትም። ሌሎቹም ይከተላሉ። መዳፌ ይታየኛል፤ ነጣ ብሏል። መቀሱ አውራ ጣቴ ላይ ያደደረው ቆዳ አሁንም አለ። እንባዬ ይመጣል። ማሙሽ እንዳያይ ፊቴን ባዞር መስታወቱ አሳበቀብኝ።

ጣቶቼ ይቆማሉ። አመልካቹና የመሃሉ ቀጥ ብለው፣ በመሃላቸው ጠባብ ክፍተት ትተው፤ ሁለቱ ትንንሾች ደግሞ ትንሽ ጎበጥ እንዳሉ።

«ቆይ» ይላል ማሙሽ። «እንዲህ መሆን አልነበረበትም። መዘርጋት ነበረበት።»

«ምን ሆነ?»

«ቀኝሽ አልከፈት ሲለኝ ልኩን ከግራሽ ወስጄ በኮምፒውተር እንደ መስታወት ገለበጥኩት። ያን ቀን ዘና አርጊው አልኩሽ፣ አንቺም…»

ግራ እጄን ያያል። እኔም አያታለሁ። ጭኔ ላይ አርፋለች፣ ሁለት ጣቶቿን ቀጥ አድርጋ፣ በመሃላቸው ያችኑ ክፍተት ትታ። ዕድሜ ልኳን ፀጉር የያዘችው በነሱ መሃል ነው። ስታርፍም እንዲህ እንደሆነች አስተውዬ አላውቅም።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እንደገና እሠራዋለሁ» ይላል። ድምፁ ዝቅ ይላል። «ደግሞ ልነግርሽ ፈርቼ ነው እንጂ… ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንክሮ ይይዛል። እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ አይልም ግን። ባለበት መቆም ብቻ ነው የሚችለው።»

መቀሱ ቀረ ማለት ነው። ያማል። እጄን አያለሁ። ባለበት መቆም ብቻ።

«አጥፋው» እላለሁ።

ያጠፋዋል። ሙቀቱ ሲሄድ ፕላስቲኩ ይደርቃል። በግራዬ ሁለቱን ጣቶች ገፋ አደርጋቸዋለሁ፤ ንቅንቅ የለም። ግራዬ እንኳ በጉብዝናዋ ጊዜ እንዲህ አትይዝም ነበር።

«ና እዚህ ተቀመጥ።»

«እትዬ፣ ገና አልተፈተነም…»

«ይኸው እየፈተንኩት ነው።»

ጨርቁን ከወንበሩ ላይ እገፋለሁ። ይቀመጣል። ግንባሩ ላይ የወደቀውን በግራዬ አበጥሬ ወደ ክፍተቱ አስገባዋለሁ። ወፍራም ነው የማሙሽ ፀጉር፤ ገብቶ ጥርቅም ይላል። ማበጠሪያውን አስቀምጬ መቀሱን ከመሳቢያው በግራዬ አነሣለሁ።

«እንዳትነቃነቅ» እለዋለሁ።

ዓይኑን ይጨፍናል፣ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው። ቀና ብዬ ልኩን በመስታወቱ አያለሁ። እዚያ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መቀሱን በቀኟ ይዛለች።