የኮማንደሩ ኒሻን

ጌታነሽ የባሏን ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ በፈረሱ ኮርቻ ላይ ዘርግታ፣ ኒሻኑን ከደረቱ ላይ ልትሰካ ስትል የሟቹ ታላቅ ወንድም አወቀ እጇን ያዛት። ከሞላሌም ከመሐል ሜዳም የመጣው ለቀስተኛ ሜዳውን ሞልቶ ፈረሱ እስኪወጣ ይጠብቃል።

«ልብሱ ይበቃል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼ የደርግ ኒሻን ነው። ጊዜው ክፉ ነው፤ ነገ ልጆችሽን ያስጠይቃል።»

«ጋሼ፣ ቀይ ባሕር ላይ መርከቡ ሲነድ ጀልባውን አዙሮ እሳት ውስጥ የተመለሰው ጊዜው ደግ ሆኖለት ነው?» አለችው። «የሸለሙት ስለ ገደለ አይደለም፤ የሚሰጥሙትን ስላወጣ ነው። መንግሥት ወደቀ ተብሎ የዳኑት ሰዎች ተመልሰው አይሰጥሙም!»

እጇን መንጭቃ አስለቀቀችው። ኒሻኑን ሰካችና ልጓሙን ይዛ ወደ ሜዳው ወጣች። ባሕር አይቶ የማያውቀው አገሬው ያንን ነጭ ልብስ ሲያይ ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀላት። ያን ጊዜ ጌታነሽ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሙሾውን አወረደችው፦

«መርከቡ ሲቃጠል መች ሸሸ ወደ ዳር፣
ሰው ሊያወጣ ሄደ ከእሳት ባሻገር።»

ለቅሶው ሜዳውን አናወጠው። አወቀ ሕዝቡን እየገፋ ወደ ፈረሱ ሲመጣ አየችው። ኒሻኑን ሊነቅል መስሏት በመዳፏ ከለለችው። እሱ ግን ልጓሙን በሌላው በኩል ጨበጠ።

«እጅሽን አንሺ» አላት፣ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ። «ከኋላ ላሉት አይታይም።»