ከፖርት ሰባት የገባው

የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ከሆነች ገና ሁለት ወሯ ነው። ሹመቷ ሲነገር ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ባሏ ነበር፤ እዚያው ክፍል ነው የሚሠራው፣ ያውም ከሷ አራት ዓመት ቀድሞ የገባ።

ከዚያ ወዲህ ግን መከራዋን አየች። በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በምሳ ሰዓት፣ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ የሚያገናኘው ዋናው ስዊች ኮንፊገሬሽኑ፣ ማለትም የሥራ ቅንብሩ፣ ድራሹ ጠፋ፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ፈታ። ስዊቹ ማን እንደገባ ሲጠየቅ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የሷን ስም ያወጣል!

"አንዴ ከተደገመ ወንበሩን ታስረክቢያለሽ" አሏት ሥራ አስኪያጁ።

የጠረጠረችው አዲሱን ኢንጂነር ነው። ሥራ ሲለማመድ አንድ ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ ጣቶቿን ሲያይ ከርሟል። ፓስዋርዷን ሳይሸመድድ ይቀራል? ደሞ ሲያናግሩት ዓይኑን ይሰብራል።

"ተይው በቃ" አላት ባሏ ቤት ሲገቡ፣ ትከሻዋን እያሸ። "ወንበሩ ጥንቅር ይበል። ጤናሽ ይበልጣል፣ የኔ ቆንጆ።"

"በቁሜማ አልለቅም!"

በማግስቱ ወደ ኮንሶል ሰርቨሩ ሄደች። ስዊቾቹን የሚቆጣጠሩበት የሲሪያል ገመድ ሁሉ የሚሰካበት፣ ከየጠረጴዛው ሆኖ ወደ ስዊቾቹ ለመግባት የሚያስችል ሳጥን ነው። ዋናው ስዊች ያለው ፖርት ሰባት በሚባለው መሰኪያ ላይ ነው። መጀመሪያ የማይነበብ ዝባዝንኬ ተፋባት፤ የመስመሩን ፍጥነት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ስታደርገው ተስተካከለ። ከዚያም በዚያ ገመድ የሚያልፈው ጽሑፍ ሁሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አደረገች። ፓስዋርዷን ሆን ብላ አልቀየረችም፤ ሌባው ይግባ፣ እጅ ከፍንጅ ይያዝ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከባሏም ደበቀች፤ እሱ እንደሆነ ምስጢር አይቋጥርም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ስዊቹ እንደገና ባዶ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ክፍሉን በሙሉ ስብሰባ ጠሩ። ኢንጂነሩ በሩ ጥግ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ባሏ አጠገቧ ሆኖ እጇን ያዘላት።

"ዛሬ ይለይልናል" ብላ ፋይሉን ሁሉም በሚያየው ትልቅ ስክሪን ላይ ከፈተችው።

ሰውየው ቸኩሏል። ስም በሚጻፍበት ቦታ እጁ የለመደውን የራሱን ፓስዋርድ ጽፏል፤ ስም ደግሞ እንደ ፓስዋርድ አይሸፈንም፣ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። በሷ ስም የገባው ስዊቹ አልቀበልም ካለው በኋላ ነው።

አነበበችው። እጇን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሰበሰበች።

"የማን ፓስዋርድ ነው ይሄ?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ጉንጫሜ" ይላል፤ ባሏ የሦስት ዓመት ልጃቸውን የሚጠራበት፣ ከሱ በቀር ማንም የማይጠራት ስም፣ ከነልደቷ ቀን።