የሊቀ መንበሩ ልጅ ኩታ

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ በሩ ሲንኳኳ መወርወሪያው እጁ ላይ ቀረ። ቀበሌው ጸሎት ቤታቸውን ካሸገ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚውለው እግሩን በሚዘረጋበት የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ዝም ብሎ ሥራውን ቢቀጥል ኖሮ ማንም ወደዚያ አያይም ነበር። እሱ ግን ብድግ አለና ሊያልቅ አንድ ክንድ የቀረውን ኩታ በምላጭ ከድሩ ቆርጦ ጉድጓዱን አለበሰው።

ሚስቱ ትኩስ ወጥ ሲጎርስ «አንተ ችኩል!» እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን አልሳቀችም። እንዝርቷን አስቀምጣ በሩን ከፈተች።

የገባው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር፤ ብቻውን፣ ያለ ጠመንጃ፣ ፈገግ ብሎ።

«የልጄ ኩታ እንዴት ሆነ? ሠርጉ እኮ እሁድ ነው።»

ወዲያው የተንጠለጠለውን የድር ጫፍ አየ። ቀጥሎም መሬት ላይ የተነጠፈውን ኩታ።

«አላለቀም እኮ!» አለ። «ምን አስቸኮለህ?»

ሊቀ መንበሩም የልጁን ኩታ ከአፈር ላይ ሊያነሣ ጎንበስ አለ።