የግርማቸው ቆጣሪ

ስቶክሆልም ዳር፣ ሃሉንዳ ውስጥ በመብራት ሒሳብ የማይጣላ ባልና ሚስት ካለ፣ ማሞቂያው ከቤት ኪራዩ ጋር የሚታሰብለት ነው። ግርማቸውና ሙሉመቤት ግን ራድሁስ፣ ተያይዘው በረድፍ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን፣ ገዝተዋል። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ማሞቂያ ሁሉ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ዘንድሮ አልወጣም ብሏል።

ሒሳቡ ሁለት ሆኖ ይመጣል። አንዱ ከሽቦው ባለቤት ነው። እሱን መቀየር አይቻልም፤ አንድ አምፖል ሳያበሩ ቢከርሙ እንኳ ቋሚ ክፍያው አይቀርም። ሌላው ኤሌክትሪኩን ከሚሸጠው ኩባንያ ነው። ይኼኛው ይቀየራል፤ ግርማቸውም በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀይሮታል። በቀየረ ቁጥር ሙሉመቤት "አሁንስ ይቀለን ይሆን?" ትላለች፤ በቀየረ ቁጥር ይብሳል።

ግርማቸው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሾፌር ነበር። አሁን ሥራው ቆጣሪውን መጠበቅ ሆኗል። ስልኩ ላይ የየሰዓቱን ዋጋ የሚያሳይ አፕ ጭኗል፤ ርካሹ ሰዓት አረንጓዴ፣ ውዱ ቀይ ነው። በቀይ ሰዓት ምድጃ አይለኮስም፣ ልብስ አይታጠብም። በኅዳር የመታጠቢያ ቤቱን የወለል ማሞቂያ አጠፋ። በታኅሣሥ ፍሪዘሩን አራግፎ ዘጋው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ነቀለ።

"ተኝቶም ይበላል" አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሙሉመቤት ይህን ሁሉ የቻለችው ለእናቷ ስትል ነው። እማማ ተዋበች ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ከጥምቀት ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ በስልክ ምላላቸዋለች። አረጋውያን ቤት ትርፍ ሰዓት እየሠራች ለትኬቱ ስታጠራቅም የጥር ሒሳብ መጣና ግማሹን ዋጠው። ተናዳ፣ አልቅሳ፣ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። በዚህ ሳምንት ሞላላት።

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ኢንተርኔት አልነበረውም።

"ራውተሩ ምን ሆነ?"

"ነቀልኩት" አለ ግርማቸው። "ሃያ አራት ሰዓት ይበላል እኮ።"

"እማዬጋ በምን ልደውል ታዲያ? ስልኬ ላይም ሱርፍ የለም፤ ዳታው አይሠራም።"

"እሱንም አቋርጬዋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቻይው፤ አዲሱ ኩባንያ ሲጀምር ይስተካከላል።"

ፊቷን ሳያይ ነው የተናገረው። ሙሉመቤት ኮቷን እንደ ለበሰች ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ቆጥቧል፣ ነዝንዟል፤ ከእናቷ ድምፅ ግን ቆርሶ አያውቅም። አሁን ልኩን አለፈ አለች በልቧ።

አርብ ትኬቱን ልትቆርጥ ተነሣች። አስቀድማ ሴንትሩም፣ ገበያ ማዕከሉ፣ ካለው የባንክ ማሽን ላይ ሒሳቧን አየች። የትኬቱን ብር ያስቀመጠችበት የሁለቱ የጋራ ቁጠባ ባዶ ነው። ካርዱን አውጥታ መልሳ ከተተችው። ባዶ ነው።

ሌላ ምን ይሆናል? የየካቲት ሒሳብ ነዋ። ያ ሰው ወደ እናቷ የምትሄድበትን የትኬት ብር ለመብራት ከፍሎታል። ከማሽኑ አጠገብ ቆማ ሰው እያያት አለቀሰች።

ቤት ስትደርስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ የቀይ ቀይ የሆነው ሰዓት። ግርማቸው ሁለት ምድጃ ለኩሶ ምስር ወጥ ይሠራል። ሊንሾፒንግ ከተማ የምትማረው ልጃቸው ሜላትም መጥታለች። ያለወትሮዋ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለቻት።

"ምነው፣ ትምህርት የለም እንዴ?"

"ያግ ኤር ሌዲግ፣ ማማ" አለች ሜላት፤ እረፍት ነኝ ማለቷ ነው።

ሙሉመቤት አላመነችም። ለአባቷ ልታግዝ መጥታለች ስትል አሰበች።

"ገንዘቤን የት አደረስከው?" አለች ወደ ምድጃው ዞራ።

"መጀመሪያ እህል ቅመሺ።"

"ለመብራት ከፈልከው አይደል?"

ግርማቸው ወጡን አማሰለ።

"ነገ ጠዋት እንነጋገራለን። እባክሽ፣ ትንሽ ብዪ።"

"አልበላም! ነገ ሽማግሌ ጥራ። ካልሆነ ከቆጣሪህ ጋር ኑር። እናቴን ሳላይማ አልቀርም።"

"እሺ" አለ ግርማቸው።

በክርክር ተረትቶ የማያውቅ ሰው "እሺ" ሲላት ይበልጥ ከነከናት። ጥፋቱን ቢያውቅ ነው አለች።

ቅዳሜ በማለዳ ደወሉ ጮኸ። በእርግጥም ሽማግሌ ጠርቷል፤ ያውም ብዙ። ከፊት አቶ ብርሃነ ሥላሴ ናቸው፤ አገሩ ከገቡ ጀምሮ ጋሼ የምትላቸው፣ እነሱን ያጋቡ ሰው። ከኋላ የሙሉመቤት ጓደኞች ወይዘሮ ጽጌረዳና ቲጂ፤ ከእነሱም ኋላ ሦስት አራት ሰው ጫማውን ያወልቃል። ሙሉመቤት ለአንድ ቆጣሪ ይህ ሁሉ ሰው መድከሙ አሳፈራት። ደስም አላት፤ ዛሬ የሚሰማት አገኘች።

ወይዘሮ ጽጌረዳ በቀኟ፣ ቲጂ በግራዋ ተጠግተው ተቀመጡ። እሷ ግን ተነሥታ የመብራት ሒሳቦቹን ከመሳቢያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

"ይዩት ጋሼ። ይሄ የጥር ነው። ይሄ ሲጠፋም ሲበራም የሚከፈለው ነው። ብርዱን ቻልኩ። ጨለማውን ቻልኩ። ከረቡዕ ወዲህ ግን የእናቴን ድምፅ ከልክሎኛል። ሳይነግረኝ የትኬቴን ብር አውጥቶ ከፍሏል። ሌሊት ሌሊት ሽማግሌ እያገላበጥኩ ያጠራቀምኩትን!"

ከሽማግሌዎቹ "ተይ" ያላት የለም። ግርማቸው ግድግዳውን ተደግፎ አንገቱን ደፍቷል። ሜላት እጁን ይዛለች።

"እርስዎ ይፍረዱኝ። ከእሱ የምፈልገው ሌላ የለም፤ ብሬን ይመልስልኝና ልሂድ። እማዬ እየጠበቀችኝ ነው።"

አቶ ብርሃነ ሥላሴ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰብስበው ወደ ጎን አደረጉ። ከዚያ ሁለት እጇን ያዙ።

"ዛሬ ማታ ትበሪያለሽ ልጄ፤ ባልሽ ትኬቱን ቆርጦታል፤ እናትሽ ረቡዕ ዕለት አርፈዋል።"