የታችኛው አልጋ መስኮት

ሴትየዋ የመስኮቱን መጋረጃ ቁልቁል ጎትታ ከታች ካለው መንጠቆ ላይ አሰረችውና ጀርባዋን ሰጠችን። ጠባቧ የባቡር ክፍል በጠራራ ፀሐይ ጨለመች።

«ምን ሆና ነው የምትዘጋው?» አለ አባዬ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ።

«ፀሐዩ ራሷን አሟታል።»

«እና እኔ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት ጨርቅ ላይ ላፈጥ ነው?»

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ከባድ መኪና ሲነዳ ነው። ጓደኞቹ «አስፋልቱ» ይሉታል። እኔ ነርስነት የተማርኩት በዚህ ማለቂያ በሌለው አገር ነው። ተመርቄ ቤት ስገባ፣ ባቡር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዳር ዳሩን ሄዶ ስለማይጨርሰው ሐይቅ ባወራለት ከት ብሎ ስቆ «ሹፌሩ መንገድ ጠፍቶበት ነው» አለኝ። ሐኪም የዓይኑ ብርሃን እየጠፋ እንደሆነና እንደማይመለስ ከነገረው በኋላ ግን መሳቁን ተወ። «ሳይመሽብኝ ያን ውሃሽን አሳዪኝ» አለኝ። ይዤው መጣሁ።

የታችኛውን አልጋ የያዙት ባልና ሚስት ገና ከበሩ ስንገባ ነው የጠሉን። ባልየው ወንበሩ ላይ የነበረውን ቦርሳ አንስቶ ጉያው ውስጥ ሸጎጠ። ሚስትየው ሽቶ አውጥታ እኛ በቆምንበት በኩል ረጨች። አባዬ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይሄን አፍንጫሽን ጉንፋን ይምታው» አላት። ሰላምታ መስሏት አንገቷን ነቀነቀች። ያኔ በሳቅ ፍርስ ብዬ ነበር።

አሁን ሳቄ አልቋል። ሐይቁን ከጀመርነው ቆይተናል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናልፈዋለን። የኮሪደሩ መስኮት የሚያሳየው ደግሞ በወዲያኛው በኩል ለሐዲዱ ተብሎ የተቆረጠውን የተራራ ድንጋይ ብቻ ነው።

«ይቅርታ» አልኩት ባልየውን በቋንቋው። «ከጫፉ እንኳ ትንሽ ብንገልጠው? አባቴ ሐይቁን ሊያይ ነው የመጣው።»

ከስልኩ ቀና አላለም። «መስኮቱ የታችኛው አልጋ ነው። እናንተ የያዛችሁት የላይኛውን።»

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«ሰው አገር መጥታችሁ ደግሞ ልታዙን አማራችሁ?»

የባቡሩ ተቆጣጣሪ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ስታልፍ ጠራኋት። በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝና፣ ባለመስኮቶቹ ካልፈቀዱ ምንም ማድረግ እንደማትችል ነገረችኝ።

«ዓይኑ እየጠፋ ነው» አልኳት። የእሱን ዓይን መለመኛ ማድረጌ ደሜን አፈላው።

«ዓይኑ ከጠፋ መስኮት ምን ይሠራለታል?» ብላኝ ሄደች። ባልየው በአፍንጫው ሳቀ።

«ምንድነው የሚያስቀው?» አለ አባዬ።

«ምንም።»

«እኔ የደከመኝ ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ጤነኛ ነው።»

ብርድ ልብሱን ገፈፈና በመሰላሉ መውረድ ጀመረ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እርከኑን በእግሩ ጣት እየፈለገ። ተረከዙን ይዤ እያንዳንዱ እርከን ላይ አስቀመጥኩለት። ሽንት ቤት ሊሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በባልና ሚስቱ ጉልበቶች መሃል አልፎ እጁን ዘረጋና መጋረጃውን ጨበጠ።

ሴትየዋ ጮኸች። ባልየው ብድግ ብሎ የአባዬን እጅ አንጓው ላይ ያዘ።

«ልቀቅ፣ አንተ ሽማግሌ!»

አባዬ አልለቀቀም። እነዚያ እጆች ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት ላይ ያወረዱ እጆች ናቸው። ባልየው ጣቶቹን አንድ በአንድ ይፈለቅቅ ጀመር፤ ትንሿን ጣት ወደኋላ ሲቆለምማት አባዬ እህ አለ።

በሥራዬ ስንቱ ሰድቦኛል፣ ስንቱ ተፍቶብኛል፤ በማንም ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። ባልየውን በሁለት እጄ ደረቱ ላይ ገፈተርኩት። ሚስቱ ጭን ላይ ተዘረረ። መጋረጃው ከነዘንጉ ተገንጥሎ አባዬ እጅ ላይ ቀረ።

ብርሃን ክፍሉን ሞላው። ውሃው ከሐዲዱ ሥር ይጀምራል፤ ማዶ የለውም። ጀልባ የለ፣ ደሴት የለ፣ ዝም ብሎ ውሃ ብቻ፣ ፀሐይ ላዩ ላይ ተሰባብራ። ዓይኔን መክፈት አቃተኝ። ሴትየዋ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች።

«በሚቀጥለው ጣቢያ ነው የምትወረወሩት! ፖሊስ ነው የሚቀበላችሁ!» ባልየው እየጮኸ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሴትየዋ ከትራሱ ውስጥ የማልደግመውን ስድብ ሰደበችኝ። እኔም በራሴ ቋንቋ የባሰውን መለስኩላት።

አባዬ የተገነጠለውን መጋረጃ እንደያዘ ፊቱን ለመስታወቱ ሰጥቶ ቆሟል። ዓይኖቹ እንደፈጠጡ ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ብርሃን አልተርገበገቡም።

«አየኸው?» አልኩት።

«ነጭ ነው» አለ። ከዚያ እኔ ብቻ እንድሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃው የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

የሚቀልድ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት። አልቀለደም፤ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም።

መጋረጃውን ከእጁ ተቀብዬ መሬት ጣልኩት። ሌባ ጣቱን ይዤ፣ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ፣ ውሃውና ሰማዩ የተገናኙበት መስመር ላይ አሳረፍኩለት።

«ከዚህ በታች ውሃ ነው» አልኩት። «ከዚህ በላይ ሰማይ።»

የተቆጣጣሪዋ ጫማ በኮሪደሩ ቋ ቋ እያለ መጣ። አባዬ ጣቱን ከመስታወቱ አንዱ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ቀስ ብሎ ነዳው፤ እዚያ ሲደርስ አዞረና እንደገና ጀመረ።